እናቴ «ለሰው እንዳትነግሪ» ብላኝ ነበር

ስኳር የያዘኝ በ13 ዓመቴ ነው፣ መተሐራ እያለን። ዓይነት አንድ የሚባለው። የሰውነት መከላከያ ቆሽትን ያጠቃና ኢንሱሊን የሚባል ነገር ጭራሽ ይጠፋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልክ መርፌ ነው። ከተማው የስኳር ፋብሪካ ከተማ፣ አባቴ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ ስኳር ያዘኝ። ሰፈሩ በሙሉ «አባቷ እያመጣላት ስትቅም ከርማ ነው» ብሎ ፈረደ። እንደዚያ እንዳልሆነ ለማን ታስረዳለህ።

ፍሪጅ አልነበረንም። የመተሐራን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። እናቴ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በላስቲክ ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ ያለበት ማሰሮ ውስጥ ትቀብረው ነበር፣ ማሰሮውን ደግሞ አልጋ ሥር ትከተዋለች። አልጋ ሥር ያደረገችው ስለሚቀዘቅዝ ብቻ አይደለም፣ እንግዳ እንዳያየው ጭምር ነው። «ለሰው እንዳትነግሪ፣ ባል አታገኚም» ትለኝ ነበር።

ያቺ ልጅ ነች እንግዲህ ዛሬ በዓመት አንዴ ፈቃድ ወስዳ፣ የማይመቻትን ጫማ አድርጋ፣ የኢንሱሊን ዋጋ እንዲቀንስ ዋሽንግተን ውስጥ ለማታውቃቸው የሕግ አውጪ ቢሮ ሰዎች «ስኳር አለብኝ» እያለች ከቢሮ ቢሮ የምትዞረው። በነፃ። ጓደኞቼ «ምን ይከፍሉሻል?» ይሉኛል። የፓርኪንጉንም የምከፍለው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው የጀመረው። ሜሪላንድ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ ኢንሹራንስ አልነበረኝም። በዚያን ሰሞን አንዱ የኢንሱሊን ብልቃጥ ያለ ኢንሹራንስ ወደ 275 ዶላር ገብቶ ነበር። ያው መድኃኒት በ1996 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ ነው) ገበያ ላይ ሲወጣ 21 ዶላር እንደነበረ ያወቅኩት በኋላ ነው። ኢንሱሊንን በ1921 ቶሮንቶ ላይ ያገኙት ሰዎች ደግሞ የባለቤትነት መብቱን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ነው። እኔ ይኼን ሁሉ አላውቅም፣ የማውቀው የቤት ኪራይ ቀን መድረሱን ነው። ስለዚህ መቆጠብ ጀመርኩ። ከአበሻ ሱቅ የሚሰጡት የግድግዳ ካላንደር ነበረኝ፣ ቅዱሳኑ በየቀናቸው የተጻፉበት። በየዕለቱ የወጋሁትን የኢንሱሊን መጠን እዚያ ላይ እመዘግባለሁ። ለሚካኤል 30፣ ለገብርኤል 22፣ ለማርያም 15። ለመድኃኔዓለም ምንም አልተጻፈም። በዚያን ቀን አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበርኩ።

ስወጣ አንዲት ነርስ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። የታማሚዎች ማኅበር ነው፣ ከሕግ አውጪዎች ጋር የሚነጋገር በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋል ይላል። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ዜግነት የሚጠይቁኝ መስሎኝ፣ እንግሊዝኛዬን አፍሬበት፣ ምን ልበላችሁ፣ ደግሞም የእናቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። መጨረሻ ላይ ስደውል የጠየቁኝ ዚፕ ኮዴን፣ የምኖርበትን ሰፈር የፖስታ ቁጥር ብቻ ነው። እዚህ አገር ተመራጭ ቢሮ ውስጥ በር የሚያስከፍተው ዚፕ ኮድ ነው፣ የሱ ወረዳ ነዋሪ ከሆንክ ይሰሙሃል፣ ካልሆንክ በትህትና ይሸኙሃል።

የመጀመሪያዬ አናፖሊስ ነበር፣ ማለትም የሜሪላንድ ምክር ቤት፣ በ2022። አናፖሊስ አልኩ እንጂ በዙም ነው፣ ኮቪድ ገና አለቀቀንም። በምሳ ሰዓቴ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ። አራት ገጽ ጽፌ ነበር፣ ከቆሽት አሠራር ጀምሮ። የቡድናችን መሪ ልምምድ ላይ ሰማችኝና ሦስት ተኩሉን ገጽ ሰረዘችው። «ያለሽ ሁለት ደቂቃ ነው። ቆሽት ምን እንደሚሠራ ዶክተሮቹ ይነግሯቸዋል። አንቺ ብቻ የምታውቂው ምንድነው?» አለችኝ። ካላንደሩን ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «አሳዪያቸው» አለችኝ።

ካሜራው ላይ ያዝኩት። ቁጥሩ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ከዚያ ባዶ። አንደኛው አባል መነጽሩን አውልቆ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ያቺ ሁለት ደቂቃ አለቀች፣ ማይኩን ዘጉብኝ፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ስኳሬ የወረደ መስሎኝ ለካሁት፣ ደህና ነበር።

ሕጉ አለፈ። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለ30 ቀን ኢንሱሊን ከ30 ዶላር በላይ እንዳይከፍል፣ ከጃንዋሪ 1፣ 2023 ጀምሮ። የኔ ብቻ ሥራ አይደለም እርግጥ፣ ብዙ ሰው ለፍቶበታል። ግን ጨፈርኩ። ከዚያ የመሥሪያ ቤቴን ኢንሹራንስ ደውዬ ስጠይቅ እኔን አይመለከተኝም! ያን ጊዜ ሥራ ቀይሬ ኢንሹራንስ አግኝቼ ነበር፣ ነገር ግን ትልልቅ ቀጣሪዎች ብዙ ጊዜ የሠራተኛውን ሕክምና ከራሳቸው ኪስ ነው የሚከፍሉት፣ ኢንሹራንሱ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። እንደዚያ ዓይነቱን ደግሞ በ1974 በወጣ የፌዴራል ሕግ ምክንያት ስቴቱ ሊያዘው አይችልም። እንግዲህ ስለፈልፍ የከረምኩበት ሕግ ለጎረቤቴ ሆነ። ለኔ የሚሆነው ኮንግረስ ብቻ ነው።

ኦገስት 7፣ 2022 እሑድ ነበር፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት። ከቅዳሴ ተመልሰን ሴኔቱን በቴሌቪዥን እናያለን። እናቴም አሁን ስኳር አለባት፣ የሷ ዓይነት ሁለት ነው፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አትጹሚ ብትባልም ትጾማለች፣ ያንን ጭቅጭቅ ለሌላ ቀን ልተወው። ድምፅ የሚሰጠው የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍል በሚለው ላይ ነው። 57 ለ43።

«57 ይበልጣል አይደል?» አለች እማዬ።

«ይበልጣል።»

«ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?»

«60 ያስፈልጋል እማዬ።»

የበጀት ሥርዓቱን፣ ለምን 60 እንደሆነ፣ ሰባት ሪፐብሊካኖች እንኳ ደግፈውት ሦስት ድምፅ እንዳነሰ ለማስረዳት ሞከርኩ። አልገባትም። እውነቱን ለመናገር ስነግራት ለኔም አልገባኝም። የተረፈው የሜዲኬሩ፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። አረጋውያን ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ለአንዱ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍሉም። እንግዲህ ለጎረቤቴ፣ ከዚያ ለእናቴ።

በማርች 2023 ሦስቱ ትልልቅ አምራቾች ራሳቸው ዋጋ እንደሚቀንሱ ተናገሩ። ሰዉ ሁሉ «ይኸው ጽድቅ» አለ። ጽድቅም ካለበት እሰየው፣ ግን ከ2024 ጀምሮ ዋጋውን ያለቅጥ የሰቀለ አምራች ለሜዲኬይድ፣ ለድሆቹ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ የሚመልሰው ገንዘብ ላይ የነበረው ጣሪያ ሊነሳ ነበር። ዋጋውን ካልቀነሱ ብዙ ሊመልሱ ነው፣ ያንን ሒሳብ እነሱ ከኔ ቀድመው ሠርተውታል።

በዚያው ዓመት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ኮንግረስ የገባሁት። ካፒቶል ሳውዝ ላይ ከባቡር ወርዳችሁ ሽቅብ ትወጣላችሁ፣ ፍተሻ አለ፣ ክንዴ ላይ የተለጠፈውን፣ ስኳሬን የሚለካውን ሴንሰር ምንድነው ይላሉ፣ ከዚያ የማያልቅ ኮሪደር። ተመራጩን አገኛለሁ ብላችሁ እንዳትሄዱ። የምታገኙት ሠራተኛውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ፣ ጠዋት ስለ መንገድ ሰምቶ፣ አሁን ስለ ስኳር፣ ቀጥሎ ስለ ላም። ቦታ ከሌለ ኮሪደር ላይ ቆሞ ያናግራችኋል። አሥራ አምስት ደቂቃ። አትናቁት። ለአለቃው የሚያጠቃልልለት እሱ ነው።

እኔን ያነጋገረችኝ ልጅ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ካላንደሩን አወጣሁ። ፊደሉ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ስለ ግዕዝ ትንሽ አወራን፣ ወደ ጉዳዩ ልገባ ስል ስልኬ መጮህ ጀመረ። ሴንሰሩ ነው። 58፣ ስኳሬ ወርዷል፣ ቀስቱም ወደታች። ከጭንቀት ቁርስ አልበላሁም ነበር፣ ኢንሱሊኑን ግን ወግቻለሁ። ላብ አጠመቀኝ፣ ቃላት ጠፉብኝ። ልጅቷ ሮጣ ኮካ አመጣች፣ ቆርቆሮውን ራሷ ከፈተችልኝ። እስኪመለስልኝ ዝም ብለን ተቀመጥን። ጊዜያችን አለቀ። «የግል ኢንሹራንስ ላለንም ጣሪያ የሚያበጀውን ረቂቅ ሕግ አለቃሽ ይደግፍልን» የሚለውን፣ የሄድኩበትን ዋና ነገር፣ ሳልናገር ወጣሁ።

ቡድናችን ውስጥ «እንዲያውም ጥሩ ሆነ፣ በዓይኗ አየችው» ያሉ አሉ። እኔ አናደደኝ። ማንም እንዲያዝንልኝ አልሄድኩም፣ የረቂቁን ቁጥር ይዤ ነው የሄድኩት። ማታውኑ ኢሜይል ጻፍኩላት፣ በሦስት መስመር። በማግስቱ መለሰች። በ2024 ስመለስ ገና በሩ ላይ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ። ያን ቀን ሁሉንም ተናገርኩ።

ረቂቁ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት የዚያ ኮንግረስ ዘመን አለቀ። ልጅቷም ሥራ ቀየረች። በሷ ወንበር የተቀመጠው ልጅ «ኢንሱሊን ክኒን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ካላንደሩን አወጣሁ።

እናቴ ግን የመጀመሪያውን የ35 ዶላር ደረሰኝ ዳዊቷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሰንበት ጠበል ጻዲቅ ላይ «ይኼን ያስቀነሰችው የኔ ልጅ ናት፣ ስኳር ይዟት ኮንግረስ ሄዳ» እያለች ታወራለች። አፈርኩ፣ አይደለም ብላትም አትሰማኝም። ባለፈው እንደ ልማዷ አውርታ ስትጨርስ አንዲት ሴትዮ ወደ ልብስ መስቀያው ጠጋ አድርገው ወሰዱኝ። ግራ ቀኝ አዩ። «እኔም አለብኝ» አሉኝ በጆሮዬ። «ስንት እንደምከፍል እነግርሻለሁ፣ አደራ ለሰው እንዳትነግሪ።»