ሁለተኛው ሰርቪስ አዋረደኝ

ቴኒስ ከጀመርኩ ዓመት ከስምንት ወር ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ወራት እለፏቸው፤ ኳስ ከአጥር ውጭ እየሰደድኩ የሰፈር ልጆችን ሳስሮጥ ነው የከረምኩት። ፎርሃንዴ፣ በመዳፍ በኩል የምመታው ምት፣ ሲስተካከል ግን ልቤ አበጠ። ባለፈው ወር አሰልጣኛችንን «ጋሼ፣ ደረጃዬ ስንት ደረሰ?» አልኳቸው።

እሳቸው በአይቲኤን፣ በዓለም አቀፉ የቴኒስ ደረጃ መለኪያ፣ ነው የሚለኩን። 10 ጀማሪ ነው፤ ቁጥሩ ወደ 1 ሲወርድ ተጫዋቹ ይበረታል። ፈተናው አምስት ነገር ያያል፦ የምት ጥልቀት፣ ቮሊ (ኳሱ ሳይነጥር መምታት)፣ ኢላማ፣ ሰርቪስ (ጨዋታውን የሚያስጀምረው ምት) እና ሩጫ። በሆዴ 6 ጠብቄያለሁ። 8 ሰጡኝ።

አኮረፍኩ። በሩጫው፣ አምስት ኳስ አንድ በአንድ ለቅሞ መመለሱ ላይ፣ ደህና ነበርኩ። ጉድ የሠራኝ ሰርቪሱ ነው። 12 ጊዜ ያስመቱሃል፤ የመጀመሪያውን ከሳትክ ሁለተኛ ዕድል አለህ፤ እኔ የመጀመሪያውን በኃይል ለቅቄ ስስት ሁለተኛውን እንደ እንቁላል እየሳሳሁ እገፋዋለሁ። ጋሼ ነጥቡን ሳይደምሩ «የመጀመሪያውንማ ማንም ይመታዋል፤ እኔ ሁለተኛውን ነው የማየው» አሉኝ።

ችግሩ አያያዜ ነበር። ለሰርቪስ ራኬቱ እንደ መጥረቢያ ነው የሚያዘው፣ ጠርዙ ወደ ኳሱ ዞሮ። እኔ ፊቱን ገልጬ ነበር የምይዘው፤ በዚህ አያያዝ ኳሱ አይሽከረከርም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ አለ፤ እኛ ግን ያገኘነውን ነው የምንመታው። ሽክርክሪቱም ኳሱን እንደ ቆላው ወደ ታች አይጎትተውም። ስለዚህ ይበልጥ እንዲሽከረከር ከታች ወደ ላይ ገርፎ ማውጣት ግድ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ባልዲ ያረጀ ኳስና ጉልበት ሆነ። ተንበርክኬ ነው የምመታው፤ ዝቅ ስትል ወደ ላይ ካልገረፍክ ኳሱ መረቡን አያልፍም። ዘበኛው አይቶኝ «ሱባኤ ገባህ እንዴ?» አለኝ። ጉልበታችሁ ሥር ፎጣ አንጥፉ፤ እኔ ሳላነጥፍ ሁለት ሳምንት አነከስኩ። ራስን በስልክ ሳይቀርጹ ሰርቪስ አስተካክላለሁ ማለትም ለእኔ ቀልድ ነው። ከመምታት በፊት ኳሱን ወደ ላይ አወራወሩን አትጠይቁኝ፣ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን በልምምድ ከ10 ሰባቱ ይገባልኛል። ቅዳሜ ግን ግጥሚያ ላይ 5 ለ 5 ሆነን እጄ ተንቀጠቀጠና ያቺኑ የድሮ ግፊያዬን ገፋሁ። ተጋጣሚዬ መረብ ላይ መታው፤ ነጥቡ የኔ ሆነ። ዞር ስል ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። ምንም አላሉም፤ ባልዲውን ብቻ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።