ለቡችላዋ ስንል ግቢያችንን ያሰናዳንበት መንገድ

ቡቺ ከመምጣቷ በፊት እንቅልፍ የነሳኝ መኝታዋ ወይም ምግቧ አልነበረም፤ የአይጥ መርዝ ነበር። ኮተቤ ባለው ግቢያችን እኔ፣ እናቴና ተከራዮቻችን አብረን ነው የምንኖረው። አይጥ ሲበዛ እያንዳንዱ ቤት ከመንገድ ዳር መርዝ ገዝቶ፣ በቲማቲም ወይም በዱቄት ለውሶ በየጥጋጥጉ ያኖራል። የት እንዳለ የሚያውቀው ያስቀመጠው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ማሰሪያና ሳህን በመግዛት ሳይሆን ተከራዮቹን ቡና ጠርቼ በማነጋገር ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ ምልክቱ የሚታየው ውሻዋ ከበላችው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ሊሆን እንደሚችል፣ መርዝ የበላችን አይጥ መብላትም ሊጎዳት እንደሚችል ነገርኳቸው። መርዙን ትተን ወጥመድ ልንጠቀም ተስማማን። ያስቀመጡበትን ቦታ እያንዳንዳቸው እየመሩ አሳዩኝ፤ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ፣ ከቁም ሳጥን ሥር፣ ከውሃ ሮቶው መቆሚያ ግርጌ ለቅመን አወጣን። ውሻ ለማምጣት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ በቅድሚያ የምነግረው ይህንን ነው፦ ግቢው የጋራ ከሆነ ጥንቃቄውም የጋራ ካልሆነ አይሠራም።

ከዚያ ተንበርክኬ ግቢውን በቡችላ ቁመት ዞርኩት። የቆርቆሮው በር ሥር ያለው ክፍተት ቆሜ ሳየው ኢምንት ነበር፤ ዝቅ ስል ግን ጭንቅላቷን የሚያሳልፍ ሆኖ አገኘሁት። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። ወደ ውስጥ የተቀደደውን የቆርቆሮ ጠርዝ በመዶሻ አጠፍኩት፣ ከሥሩ ጣውላ መታሁበት። በሩን ራሱን የሚዘጋ ሞላ አስገጠምንለት፤ እንግዳ ሲወጣ ሲገባ ሁሉንም ሰው ማሳሰብ አይቻልምና። የተሰነጠቀውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን በአዲስ ሲሚንቶ አስለወጥን።

አጥሩ ጥግ የበቀለውን ጉሎም ነቀልኩት። የጉሎ ዘይት መድኃኒት ነው ሲባል የሰማ ሰው ተክሉን አይጠረጥረውም፤ ፍሬው ውስጥ ግን ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ፣ ውሻ ካኘከው ሊገድላት ይችላል። ከግንዱ ይልቅ መሬት ላይ የተበተነውን ፍሬ መልቀሙ ነው ጊዜ የወሰደብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ማእድ ቤቱ ነበር። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ለውሻ የተረፈ ወጥና አጥንት ስትሰጥ የኖረች ሰው ናት። ሽንኩርት ጥሬውም ሆነ የበሰለው የውሻን ቀይ የደም ሴል እንደሚያፈርስ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እየተሰነጠረ አንጀት እንደሚወጋ ስነግራት፣ «እና ልጄ፣ በዓል ሲሆን እንኳ እሷ ተመልካች ትሁን?» አለችኝ። አነጋገሯ ከልብ ነበር፤ ውሻዋ የቤቱ ሰው እንድትሆን ነው የፈለገችው። ስለዚህ ቁሌቱ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ ቅመም ተቀቅሎ አጥንቱ ወጥቶ ለብቻ እንዲቀመጥላት ተስማማን። ዛሬ የቡቺን ድርሻ የምታስታውሰኝ እናቴ ናት። የዳቦ ሊጡም አሁን ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ተከድኖ ነው የሚቦካው፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል።

በግ ሲታረድም ደንብ አወጣን። በፋሲካ አራጁ ሳንባውን ሊወረውርላት ሲል ተቀብዬ አየሁት፦ ላዩ ላይ ውሃ የቋጠረ፣ የወይን ፍሬ የሚያክል ነጭ እብጠት አለ። ይህ እብጠት የውሻ ኮሶ ትል እጭ ሊሆን ይችላል። ውሻዋ ጥሬውን ብትበላ ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፤ በዓይነ ምድሯ የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ወደ ሰው አፍ ከገባ ጉበትና ሳንባ ላይ እንዲያ ያለ እብጠት ያበቅላል። ራሴ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ለእሷም በግቢው ላሉት የተከራዮቹ ልጆችም ስል በዚህ ነገር ፈጽሞ አልደራደርም።

ክትባቷን በሚመለከት የእንስሳት ሐኪሙ የእብድ ውሻ በሽታውን በ3 ወሯ ሰጣት። ለሌሎቹ በሽታዎች ተደጋጋሚው መርፌ እስከ 16 ሳምንቷ ስለሚቀጥል እስከዚያ ከግቢ አላወጣናትም፤ እኛም ጫማችንን በር ላይ እንተው ነበር። ቡችላ የሚፈጀው የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ወራት ስለሚቆይ በጫማ ሊገባ ይችላል።

የተከራዮቹን ልጆች ስትበላና ስትተኛ እንዳይነኳት አስተማርናቸው። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ።

አሁን የቀረን የመብራት ማከፋፈያው ገመድ ነው። ጥርስ እያወጣች ስለሆነ ያገኘችውን ሁሉ ታኝካለች፤ ለጊዜው ከሶፋው ጀርባ አንስቼ ግድግዳው ላይ አስሬዋለሁ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቅዳሜ መጥቶ በቱቦ ውስጥ ያስገባዋል።