ከዳሸን ሥር የተነሣ ክርክር

በስሜን ተራሮች በአስጎብኚነት ስሠራ ከእንግዶችም ከባልደረቦቼም ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክሬአለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ከዳሸን ተራራ ሥር ባለችው መንደር በአምቢቆ አንድ ምሽት የሰማሁት ንግግርና በማግስቱ የተከተለው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

እንግዳዬ ከደቡብ ፖላንድ፣ የድንጋይ ከሰል ከሚወጣበት ከካቶቪትሴ አካባቢ የመጡ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ሂማላያ ላይ ከ8,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል፤ የግራ እጃቸውን የሁለት ጣቶች ጫፍ ብርድ ወስዶባቸዋል። ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት ወኪልም አብረውን ነበሩ። ራት ተበልቶ እሳት ዙሪያ እንደተቀመጥን ስካውታችን (አብረውን የሚጓዙት የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ) የእንግዳውን ጣቶች ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ እስቲ ጠይቅልኝ። እኛ ዳገት የምንወጣው እርሻችንና ከብታችን እዚያ ስለሆነ ነው፤ እሳቸው ምን ሊያመጡ ወጡ?» አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ወኪሉ ቀደሙኝና «ጥጋብ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል!» ብለው ሳቁ። በዚህም አላበቁም፤ ሁሉ ነገር የሞላለት ሰው በሞት መጫወት ያምረዋል ሲሉ ለእንግዳው ራሳቸው በእንግሊዝኛ ነገሯቸው።

እንግዳው አልተቆጡም። እሳቸው ተራራ መውጣት በጀመሩበት ዘመን በፖላንድ ሥጋ በራሽን ይገዛ እንደነበር፣ ፓስፖርትም በዜጋው እጅ ሳይሆን በመንግሥት መዝገብ ቤት ይቀመጥ እንደነበር ረጋ ብለው አስረዱ። ለውጭ አገር ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ተራራ ወጪዎቹ በገመድ ተንጠልጥለው የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎችን ቀለም ይቀቡ ነበር፤ በዚያ ክፍያ ወደ ሂማላያ ተጓዙ፤ ከልብሳቸውና ከመኝታ ከረጢታቸውም ብዙውን ራሳቸው ሰፉት። የዚያው አካባቢ ተራራ ወጪ የሆነው ዬርዚ ኩኩችካ በዓለም ላይ ከ8,000 ሜትር የሚበልጡትን 14 ተራሮች እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት ወጥቶ ጨረሰ፤ ከእርሱ በፊት ይህን የፈጸመው ጣሊያናዊው ራይንሆልድ ሜስነር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከ1970 እስከ 1986 ድረስ 16 ዓመት ፈጅቶበታል። ኩኩችካ በጥቅምት 1989 በሂማላያ በሎትሴ ተራራ ደቡባዊ ገደል ላይ ሲወድቅ የተበጠሰው ገመድ ከካትማንዱ ገበያ የተገዛ ያገለገለ ቀጭን ገመድ ነበር። እንግዳው ይህን ሲጨርሱ ወኪሉን ቀና ብለው አዩና «ጠግበን አልነበረም» አሉ።

ቀጥሎ የተናገሩትን እስካሁን በቃል አስታውሰዋለሁ። «በፋብሪካው የምሠራው ሥራ ቢበላሽም ቢሳካም የእኔ አልነበረም፤ በሪፖርት ላይ ሌላ ሰው ይፈርምበታል። ከ7,000 ሜትር በላይ ግን አንድ እርምጃ ለመራመድ ብዙ ጊዜ ትተነፍሳለህ፤ የረገጥኸው በረዶ ቢከዳህ ማንም አይፈርምልህም። በሕይወቴ ሙሉ በሙሉ የእኔ የሆነ ውሳኔ የወሰንሁት እዚያ ነው።» ይህን ስተረጉምላቸው ስካውቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተረዱ መሰለኝ። ወዲያው ግን «ሚስቱና ልጆቹስ? የእነሱስ ውሳኔ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ኩኩችካ ሚስትና ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ነበር የሞተው። እንግዳው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ለዚህ መልስ የለኝም፤ ቤቴም ብዙ ጊዜ ተጠይቄ አልመለስሁም» አሉ።

እኔም የለኝም። ስለ ተራራ የሚነገረው መልካም ነገር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ፊት ሲደርስ እንደሚጎድል አምናለሁ። የጥጋብ ነገር ግን ሐሰት ነው፤ በተለይ ከእኛ ሙያ ሰው አፍ ሲወጣ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በኤቨረስት ግርጌ በኩምቡ የበረዶ ፏፏቴ ላይ በተከሰተው ናዳ የሞቱት 16 ሰዎች ኔፓላውያን ሠራተኞች ነበሩ፤ የወጡት ለእንጀራ ነው፤ የእነርሱን መውጣት ማንም ጥጋብ ሊለው አይችልም። ነገር ግን አብዛኞቹ ከእነዚሁ ሠራተኞች ወገን የሆኑ 10 ኔፓላውያን በጥር 2021፣ በብርዱ ወራት ማንም ወጥቶት የማያውቀውን 8,611 ሜትር ከፍታ ያለውን የኬቱ ተራራ ሲወጡ፣ የሌላ ሰው ሻንጣ ተሸክመው አልነበረም። ከጫፉ ጥቂት ሜትሮች ዝቅ ብለው በዚያ ብርድ እርስ በርስ ተጠባበቁና የአገራቸውን መዝሙር እየዘመሩ አብረው ደረሱ። የሌላውን ጓዝ ሲሸከም የኖረ ሰው አንድ ቀን ለራሱና ለአገሩ ስም ሲወጣ የሚሰማውን ነገር ከበቅሎ ጫኞቻችንና ከአስጎብኚዎቻችን በላይ ማን ሊረዳው ይችላል?

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በዚያ ምሽት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተን ዳሸን ላይ ብንደርስም ባንደርስም ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ፊታችንን እንድናዞር እንግዳው አስማሙን። ተራራ ላይ ብዙ ሰው የሚሞተው ሲወርድ እንደሆነ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል 8 ሰዎች ሲሞቱም ብዙዎቹ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ መመለስ ሲገባቸው ወደ ላይ መቀጠላቸውን ነገሩን። ወኪሉም ተስማሙ። ሌሊት ግን ቢቀሰቀሱ አልነሣ አሉ፤ እንግዳው ያለ እርሳቸው እንዳይሄዱም አጥብቀው ስለጠየቁ ጉዞ የጀመርነው ጎሕ ከቀደደ በኋላ ነው። ወቅቱ የበልግ ዝናብ የሚጀምርበት ስለነበር ከረፋዱ ጀምሮ ደመናው ከበየዳ በኩል እየከበደ መጣ። በእጅና በእግር የሚወጣው የመጨረሻው ዓለት ሥር ስንደርስ ነጎድጓዱ ይሰማ ነበር።

እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ፤ ሰማዩን አዩ፤ «በቃ» አሉና ያለ አንዳች ማመንታት ፊታቸውን አዞሩ። ወኪሉ ናቸው የተቆጡት። ጫፉ ከፊታችን እየታየ መመለስ ምን የሚሉት ሥራ እንደሆነ፣ ድርጅቱ ለደንበኛው ቃል የገባው የዳሸንን ጫፍ እንደሆነ፣ ፎቶግራፍም እንደሚያስፈልግ እየደጋገሙ ተናገሩ። ለእኔም «አስጎብኚ ነህ፣ ውሰደው እንጂ!» አሉኝ። እንግዳው ከዓለቱ ወደ ታች እየወረዱ ሳለ ዞር ብለው፣ ለመውጣት የሚያበቃቸው ይህ የመመለስ ውሳኔ ጭምር መሆኑን፣ መመለስ የማይችል ሰው ከተራራው ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ነገሩን። ስካውቱም ጠመንጃቸውን አስተካክለው ተከተሏቸው፤ እኔም ተከተልሁ። አምቢቆ ከመድረሳችን በፊት በረዶ ቀላቅሎ ዘነበብን፤ መብረቅም ከላይ በተደጋጋሚ ወደቀ።

ማታውን ሳስበው «ምን ሊያመጡ ወጡ?» ለሚለው ጥያቄ የቀረበ መልስ ያገኘሁት በንግግራቸው ውስጥ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ነው ብዬ አምናለሁ። አደጋውን የሚወዱት ቢሆን ኖሮ እዚያ ዓለት ላይ ተትረፍርፎ ነበር። የሚወዱት አደጋው ባለበት ቦታ በትክክል መፍረድን ነው፤ ፍርዱ ሕይወትን የሚያስከፍል በመሆኑም ሙሉ ልባቸውን ይሰጡታል። አንዳንዶቹ ይሳሳታሉ፤ የሚሳሳቱበትም ቀን የመጨረሻቸው ይሆናል።

ድርጅቱ ለጉዞው ባዘጋጀው ሪፖርት ላይ ዳሸን ያልተወጣበት ምክንያት «እንግዳው ስለደከሙ» ተብሎ ተጽፏል። እንዲታረም የነጎድጓዱን ሰዓት፣ የተነሣንበትን ሰዓትና የተስማማነውን የመመለሻ ሰዓት ዘርዝሬ በጽሑፍ ጠየቅሁ፤ ስካውቱም በምስክርነት ጣታቸውን አኑረውልኛል። እስካሁን ግን አልታረመም።