የሞተር ማሞቂያውና የታህሳስ ብርድ
ዛሬ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ ስወርድ የሃይብሪድ መኪናዬ ሞተር ገና መንገዱ ሳይጋመስ ዝም አለ። ተበላሽቶ አይደለም፤ የገጠምኩለት ማሞቂያ ሥራ ነው። ደስ ብሎኛልና ላካፍላችሁ።

ሃይብሪድ፣ ማለትም በነዳጅ ሞተርም በባትሪም የሚሄድ መኪና፣ የምትነዱ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ላይ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ሞተሩ አይጠፋም። የሞተሩ ውሃ እስኪሞቅ፣ የጭስ ማጣሪያውም እስኪግል ድረስ ነዳጅ ይጠጣል። ፕሪየስ በተባለው የቶዮታ ሃይብሪድ ላይ ውሃው 40 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ እረፍት የለም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የታህሳስ ንጋቷ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የእኔ መንገድ አጭር ስለሆነ ሞተሩ ሞቀ ስል እደርሳለሁ። ነዳጄ የሚያልቀው እዚያች ላይ ነበር።

ማሞቂያው ሞተሩ ላይ የሚገጠም፣ በመብራት እየሠራ ሞተሩን ቀድሞ የሚያሞቅ ትንሽ ዕቃ ነው፤ የእኔ 400 ዋት ነው። የእንጀራ ምጣዳችን ብዙ እጥፍ ይበላል! ከመውጣቴ በፊት ለሁለት ሰዓት ያህል ስሰካው 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት ግን ብክነት ነው። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰውም ልዩነቱ እምብዛም ነው።

አንድ አደራ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሰራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። ቀጥታ ብትሰኩት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል፣ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። እባካችሁ የ220ውን ፈልጉ፤ ሶኬቱም የመሬት መስመር ያለው ይሁን።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን ግቢያችን ነው። ልጆች ለትምህርት ቤት በሚወጡበት ሰዓት ጭሱ በጣም ቀንሷል።