የሮታሪ ሞተር ካርቦን ማኒፎልድ፦ ከጨርቁ ይልቅ ምድጃው

ለማዝዳ 13ቢ ሮታሪ ሞተር (በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከር ሮተር ላለው) የተሠራው የካርቦን ፋይበር ኢንቴክ ማኒፎልድ፣ ማለትም አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ፣ ከምድጃ ወጥቷል፤ ፍላንጁም (በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ጠርዝ) ሳይጣመም ቀርቷል። ይህን ሞተር ቤት በሚሠራ አውሮፕላን ላይ ለምትሞክሩ፣ ዋናውን ላካፍል።

በኮምፖዚት (ሬዚን በሚባል ሙጫ በተያያዘ ጨርቅ) ክብደት የሚቀነሰው ከቀዝቃዛዎቹ ክፍሎች ነው፦ ከማኒፎልዱ፣ ከራዲያተሩ አየር ቱቦ፣ ከኮፈኑ። ኤግዞስቱ አካባቢ አይታሰብም፤ የሮታሪ ጭስ ከፒስተን ሞተር ጭስ ይበልጥ ይግላል።

ቅርጹ ከጠጣር ስታይሮፎም ተቆርጦ በካርታቪትራ ይለሰልሳል። በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን የካርቦን ጨርቅ 8 ንብርብር በሬዚን ተነክሮ ይለበጥበታል፣ ከዚያ በቫኪዩም አየሩ ተመጥጦ ይታመቃል፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ሬዚኑ ኤፖክሲ ይሁን፤ ቫይኒልኤስተር የሚባለው ሬዚን ፎሙን ይበላዋል።

ፈተናው ሙቀቱ ነው። እንዲሁ ክፍል ውስጥ የደረቀ ኤፖክሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ሞተሩ ሲሠራ የሚገባው አየር ማኒፎልዱን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲጠፋ ግን አየሩ ይቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ኮፈኑ ስር ይታመቃል። ስለዚህ በምድጃ ሲበስል ከ120 ዲግሪ በላይ የሚችል ሬዚን ምረጡ።

24 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይደር። ከዚያ በሰዓት 10 ዲግሪ እየጨመራችሁ 60 አድርሱትና ጥቂት ሰዓት አቆዩት፤ ፎሙ እስካሁን ደግፎ ይዞታል። አሁን ፎሙን በአሴቶን አሟሙ፤ ቀድማችሁ ካደረጋችሁት አሴቶኑ ያልበሰለውን ሬዚን ይጎዳል። ፍላንጁን በወፍራም አልሙኒየም ላይ እሰሩና በዚያው ፍጥነት 120 አድርሱ። የሬዚኑ ጥንካሬ የሚያድገው ሙቀቱን እየተከተለ ነው፤ ምድጃው ከቀደመው ዕቃው ይንበረከካል። ቴርሞኮፕሉ (የሙቀት መለኪያው ሽቦ) ዕቃው ላይ ይለጠፍ፤ የምድጃውን ቁልፍ አትመኑ። ሳይቀዘቅዝ ብሎኖቹን አትፍቱ።

20 ሳንቲ ሜትር አልሙኒየም 100 ዲግሪ ሲሞቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ካርቦኑ እምብዛም። ስለዚህ የማሰሪያው ቀዳዳዎች ሞላላ ይሁኑ። ሞተሩ ላይም ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ ቪቶን ኦሪንግ (ሙቀት የሚችል የጎማ ቀለበት) መጠቀም ይሻላል። ብሎኑ በሚያልፍበት አጭር የአልሙኒየም ቱቦ (ቡሽ) ይግባ፤ ያለዚያ ሬዚኑ ከጊዜ ብዛት ይጨመቅና ብሎኑ ይላላል። ካርቦን አልሙኒየምን በቀጥታ ከነካ እርጥበት ሲያገኘው ያዝገዋል፤ አንድ የፋይበር ግላስ ንብርብር በመካከል አስገቡ።

ውድ ጨርቅ ገዝቶ ምድጃውን መዝለል ገንዘብ ማባከን ነው። ምድጃ የሌለው በአልሙኒየም ያስበይድ። የኢንጀክተሩ (ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ) መቀመጫ ደግሞ ለሁሉም አልሙኒየም ይሁን፤ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በደንብ ያልበሰለ ኤፖክሲን ያለሰልሳል።