ድምፅ የሌለው ስሕተት

ከትናንት ጀምሮ ልቤ አልረጋ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ ሐምሌ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። በዚህ ወር ባሕር ዳር ትከብደኛለች፤ ደመናው ከጣሪያ አይርቅም፣ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ እርጥብ ነው። እንዲህ ባለ ቀን እጄ ሥራ ካልያዘ ሐሳቤ ወደማልወደው ቦታ ይሄድብኛል። ስለዚህ የአዲሱን ኮምፒውተሬን ራም፣ ሲሠራ ቁጥሮችን ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል፣ መፈተሼን ቀጥያለሁ።

 ኮምፒውተሩ ታናሽ ወንድሜ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ ጭኑ ላይ አቅፎ ዓባይ በረሃን ያሻገረው ነው። ስሌቱን የሚሠራው ቺፕ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራይዘን ሲሆን የሚቀመጠው ኤኤም5 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው፤ ይህ ሶኬት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለ፣ ዲዲአር5 ከሚባለው የራም ትውልድ በቀር ሌላ የማይቀበል ነው። ብዙዎቻችሁ "ይህን ያህል ፈጣን ዕቃ ገዝተህ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ የምታስሮጠው ለምንድን ነው?" ብላችሁኛል። መልሴ መብራት ነው። የሐይቁን የሳተላይት ምስል ከፍቼ ውኃውን ከቅጠሉ የሚለየውን ስሌት ሳስጀምር ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት ሲጠፋ የሚደግፈኝ ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ የሚሰጠኝ ጊዜ ግን ፋይል ዘግቶ ለማጥፋት ብቻ የሚበቃ ነው። መብራት ሳይሄድ ካለቀ አለቀ፤ ካላለቀ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ከዚያ ላይ የሚቀነስ ደቂቃ ሁሉ ለእኔ ቅንጦት አይደለም።

ዲዲአር5 ትዕግሥት ይጠይቃል። ራሙን ሰክቶ ማብሪያውን የተጫነ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነው። ፋኑ ይዞራል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እናቴ በር ላይ ቆማ "ልጄ፣ ገንዘብህን በልተውህ ይሆን?" ስትለኝ "እየለካ ነው እማዬ፣ ትንሽ ጠብቂ" አልኋት። እውነቴን ነው፤ በዚያ ጨለማ ውስጥ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩንና ራሙን በሚያገናኘው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ምልክት እየላከ፣ ምልክቱ በምን ያህል መዘግየትና በስንት ቮልት ቢነበብ እንደማይሳት ይሞክራል። ደቂቃዎች ይወስዳል። ውጤቱን አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ልኬቱን የሚያዘልል ምርጫ በባዮሱ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ ውስጥ አለ፤ ፍተሻዬን እስክጨርስ ዘግቼዋለሁ። በቀዝቃዛ ማለዳ የተለካ መስመር ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ያው ላይሆን ይችላል።

የፕሮሰሰሩ ሠሪ ኤኤምዲ የእኔ ላለበት 7000 ለሚባለው የራይዘን ትውልድ በሁለት ራም ዋስትና የሰጠው በሰከንድ 5,200 ሚሊዮን ጊዜ ለማስተላለፍ ነው፤ አራቱም ቦታ ከተሞላ ወደ 3,600 ይወርዳል። የእኔ ራም ሳጥን ላይ የተጻፈው 6,000 ነው። ራሙን ወደዚህ ፍጥነት የሚያወጣውን ኤክስፖ የሚባለውን ምርጫ ስከፍት የራሙ ቮልቴጅ ከ1.1 ወደ 1.35 ይወጣል። ሳጥኑ ላይ የታተመ ቁጥር ስለሆነ ሰው መደበኛ ፍጥነት ይመስለዋል እንጂ ይህም ኦቨርክሎክ፣ ዋስትና ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ፣ ነው። በ6,000 ላይ የራሙ ምት በእውነቱ 3,000 ሜጋኸርትዝ ነው፤ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ቁጥሩ እጥፍ ሆኖ ይጻፋል። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የራም ተቆጣጣሪም በዚሁ 3,000 እኩል ይራመዳል። ከ6,400 ገደማ ሲታለፍ ግን ብዙውን ጊዜ ተቆጣጣሪው በግማሽ ይሄዳል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያምራል፣ ሥራው አይፈጥንም። ቮልቴጅ ጨምሮ መግፋት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሶኬታቸው ውስጥ የተቃጠሉ ፕሮሰሰሮች ከታዩ በኋላ ኤኤምዲ ለተቆጣጣሪው የሚሄደውን ቮልቴጅ በ1.3 እንዲገደብ አድርጓል። ወደዚያ ድንበር አልጠጋም።

በፕሮሰሰሩ በኩል ያለው ሥራ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ኮር፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ለሚያሰላው ክፍል፣ ከተመደበው ቮልቴጅ ጥቂት መቀነስ ይቻላል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ በዚያው ልክ ፍጥነቱ ከፍ ይላል። ሰው ሁሉ የሚፈትሸው ሙሉ ጭነት ጭኖበት ነው። ብዙ የተቀነሰበት ኮር የሚወድቀው ግን ጭነት ሲቀል፣ አንዱ ኮር ብቻውን ወደ ላይኛው ፍጥነት ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ በራሱ የሚነሳ ኮምፒውተር ካያችሁ መብራቱን ወይም ራሙን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደምንኖር አትርሱ። አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ ያንኑ ያህል አየር ቢነዳም የሚሸከመው ሙቀት በባሕር ጠረፍ ባለ ከተማ ከሚሸከመው ያነሰ ነው። በሌላ አገር ሰው መዝግቦ ያስቀመጠው የሙቀት ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም።

ወደ ራሙ ልመለስ። ጠዋት ንጹሕ ሆኖ የሚያልፍ ፍተሻ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ቆርቆሮውን ካሞቀች በኋላ ይወድቃል። አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ራም ቁጥሩን የሚይዘው ቻርጅ በሚያፈስሱ እጅግ ጥቃቅን ማከማቻዎች ውስጥ ነው፤ ፈስሶ ሳያልቅ በየ32 ሚሊሰከንዱ እንደገና መሞላት አለበት። ሲሞቅ መፍሰሱ ይፈጥናል። ለፍጥነት ሲባል የመሙያው ጊዜ የተራራቀ እንደሆነ፣ በቀዝቃዛው ሰዓት የሚበቃው ጊዜ በሙቀቱ አይበቃም። ክፍተቱን መልሼ አጠበብሁ፤ ከጎን የሚነፍስ ትንሽ ፋንም አቆምሁለት።

ስክሪኑ ላይ ያየሁት ነገር ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ራሙን የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ሜምቴስት86፣ ስሕተት ሲያገኝ በቀይ መስመር ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የተጻፈውን ቁጥርና ተመልሶ የተነበበውን። የሚጽፋቸው በአሥር ሳይሆን በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ነው። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ አስኬድሁ። ሁሉም አሃዝ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ነው፤ ከቀኝ ሦስተኛው ብቻ በአንዱ 0፣ በሌላው 8 ሆኗል። ይህ ማለት አንዲት ቢት፣ 0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ ቦታ፣ ተገልብጣለች፤ ዋጋዋም 2,048 ነው። ኮምፒውተሩ አልቆመም፣ ሰማያዊ ስክሪን አላመጣም፣ ምንም አላለም። ፍተሻ ላይ ባይሆን ኖሮ ያንን ቁጥር እውነት ነው ብሎ ይዞ ይቀጥል ነበር። ዲዲአር5 ራሱን ያርማል የሚባለውም ሁሉን አይሸፍንም፤ የሚያርመው በቺፑ ውስጥ የተበላሸውን ነጠላ ቢት እንጂ ከቺፑ እስከ ፕሮሰሰሩ ባለው መንገድ ላይ የሚጠፋውን አይደለም።

የሚዘጋ ኮምፒውተር አያስፈራኝም። ሲወድቅ እየጮኸ ነውና አነሳዋለሁ። የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፤ ምክንያቱም ያቺ 2,048 በሥራዬ ላይ ብትወድቅ ምን እንደምትሆን ልክ አውቀዋለሁ። የምጠቀምበት ሳተላይት፣ የሴንቲኔል 2፣ ምስል ሐይቁን ጎናቸው 10 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ያሳያል፤ ለእያንዳንዱ ካሬ ምን ያህል ብርሃን እንደተመለሰ በ10,000 ተባዝቶ በቁጥር ይቀመጣል። ዓይናችን በማያየው ከቀይ ቀጥሎ ባለው ብርሃን ንጹሕ ውኃ ብዙ ስለሚውጥ የሚመልሰው ጥቂት ነው፤ 300 እንበል። ቅጠል ግን አብዝቶ ስለሚመልስ ቁጥሩ በሺዎች ይሆናል። 300 ላይ ያቺ ቢት ስትገለበጥ 2,348 ይሆናል። ውኃ የነበረው ካሬ ቅጠል ሆነ ማለት ነው። በጣና ላይ፣ ከዳር ርቆ በውኃው መካከል የታየ ቅጠል ደግሞ የሚነበበው በአንድ ስም ነው፤ እምቦጭ።

አንድ ካሬ 100 ካሬ ሜትር ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ሐይቅ ላይ ማን ያየዋል? ማንም። እኔ ግን እዚያ 100 ካሬ ሜትር ላይ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ የዋሉ የደንቢያና የፎገራ ገበሬዎችን አይቻለሁ። ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዟል፤ አንዱን ሲስቡት ሌላው ይከተላል፣ ውኃ ያዘለው ክምር ከሰው ጉልበት በላይ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 አረሙ በሐይቁ ላይ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ እንዲህ ነው። በሚመቸው ቦታ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ካርታ ላይ ያለች አንዲት ካሬ የሰው ወገብ ናት።

ይህን ሳስብ ያለፈውን ጥር ምስል ከፈትሁ፤ ደመና ያልነካው ነው። የምሥራቁን ዳርቻ፣ የፎገራን ወገን፣ አጉልቼ ተመለከትሁ። በዚያ ወገን አረንጓዴው ብዙ ዓይነት ነው። ሐይቁ ሲሸሽ በተዋቸው መሬቶች ላይ የተዘራ አለ፣ ደንገል አለ፣ ሣር አለ፣ እምቦጩ አለ። አንዲት ቢት ሳትገለበጥ፣ ራሙም ፕሮሰሰሩም ያለ እንከን ቢሠሩ እንኳ፣ ከቀይ ቀጥሎ ባለው በዚያ ብርሃን የሁሉም ቁጥር በሺዎች ነው። ቅጠልን ከቅጠል ይበልጥ የሚለዩ ሌሎች የብርሃን ዓይነቶች ሳተላይቱ አሉት፤ እነርሱ ግን የሚመጡት ጎናቸው 20 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ነው። ዓይነቱን ልለይ ስል ቦታውን አጣለሁ።

ባለፈው በጋ ካርታውን አትሜ ለአያ ከ. አሳይቻቸው ነበር። በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ታንኳቸውንም ራሳቸው ናቸው የሚያስሩት። ወረቀቱን ገልብጠው ያዙት፤ ከውኃው ወደ ምድር ሲመጡ ዳርቻው በሚታያቸው በኩል መሆኑ ነው። ጣታቸውን በዳርቻው እየጎተቱ "ይህ ደንገል ነው፣ ይህ ደንገል ነው" አሉና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

"እዚህስ?" አልኋቸው።

"እዚህ ሁለቱም አለ። ነፋስ እምቦጩን አምጥቶ ደንገሉ መካከል ወተፈው። ከዚያ ወዲያ ነፋስም አያወጣው።"

በእኔ ካሬ ውስጥ ሁለት ስም የለም፤ ወይ ይህ ነው ወይ ያ። እምቦጭ ብዬ ብቆጥረው ማጨጃ ይላክበታል፤ ደንገሉም አብሮ ይሄዳል፤ ዓሣው የሚጠለልበትና ታንኳ የሚሠራበት እሱው ነው። ደንገል ብዬ ብቆጥረው ማንም አይነካውም፤ እምቦጩም በሰላም አብቦ ዘሩን ያራግፋል፣ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ሲሞላ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

"አንቱ ቢሆኑስ ምን ይሉታል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ወሩን ንገረኝና ልንገርህ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የምለው አጣሁ። እውነት ነው፤ በመስከረም ውኃው ከፍ ሲል ከደንገሉ ሥር የሚላቀቀው ሌላ ነው፣ በግንቦት ጭቃ ላይ ቀርቶ የሚደርቀው ሌላ። እኔ ደግሞ የምጠየቀው በዓመት አንድ ድምር ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር እምቦጭ ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፍ። ሠንጠረዡን ዛሬ ከፍቼ ከእምቦጭና ከደንገል ቀጥሎ ሦስተኛ ዓምድ ጨምሬበታለሁ፤ ስሙን ግን ገና አልጻፍሁም። ድምሩን የሚወስዱት ሰዎች በወሩ የሚለዋወጥ ዓምድ ይቀበሉኝ ይሆን? ቢቀበሉትስ፣ በዚያ ዓምድ ውስጥ ወዳለው ዳርቻ ሰው የሚላከው ማጭድ ይዞ ነው ወይስ ባዶ እጁን?