ፓራሹት በጀርባ፣ ካሜራ በራስ ላይ፦ የኤምፑሪያብራቫ ጉዞዬ

ፓራሹቴን ከሻንጣ ጋር አልጭነውም። ሻንጣ ቢጠፋ ልብስ ይተካል። ይሄ ግን በልኬ የተሰፋ፣ ስፌቱን አንድ በአንድ የማውቀው ዕቃ ነው። ስለዚህ ሁሌም እጄ ላይ ይዤው ነው የምሳፈረው። ክብደቱ ከ10 ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ከመቀመጫ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫም አይጠበውም። የካሜራ ባትሪዎቹም አብረውኝ ናቸው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በተጫነ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

ፍተሻው ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በኤክስሬይ ሲታይ ውስጡ ሽቦ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ትንሽ ኮምፒውተርና የብረት ቱቦ አለ። ይህን ስክሪን ላይ ያየ ፈታሽ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ዘላዩ መክፈት ካልቻለ ሁለተኛውን፣ መጠባበቂያውን ፓራሹት በራሱ የሚከፍተውን አውቶማቲክ መክፈቻ የሚሠሩት ሰዎች ይህን አስበው ካርድ አዘጋጅተዋል። ዕቃው በኤክስሬይ ምን እንደሚመስል በፎቶ ያሳያል። እኔ ካርዱን ሳልጠየቅ ነው የማወጣው። አስረዳለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ የጠየቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። መጠባበቂያው ፓራሹት ግን ፍተሻ ጠረጴዛ ላይ እንዲከፈት አልፈልግም። እሱን አጥፎ የሚያሽገው ፈቃድ ያለው ሪገር፣ ማለትም የፓራሹት ባለሙያ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ጉዞው እዚያው አበቃ ማለት ነው።

የዚህኛው ጉዞ መድረሻ ኤምፑሪያብራቫ ነበር። ስፔን ውስጥ፣ ካታሎኒያ፣ ኮስታ ብራቫ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ናት። መሀሏን የውኃ ቦዮች ይቆራርጧታል፤ ብዙ ቤቶች ደጃፍ ላይ ጀልባ ታስሮ ይታያል። የዝላይ ሜዳው ከከተማዋ ጥግ ነው። በምሥራቅ ባሕር፣ በሰሜን የፒሬኔ ተራሮች። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ይሄ ስጦታ ነው። ለደኅንነት ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። ነፋሱ ወደ ባሕር ከነፈሰ የት ነው የምንወጣው? የት ነው የምንከፍተው? ወደ ሜዳው መመለስ ባንችል የትኛው ባዶ መሬት ላይ እናርፋለን? ገና የመሳፈሪያ ምዝገባ ሳላደርግ የአካባቢው የአየር ላይ ፎቶ ፊት ቆሜ ያጠናሁት ይህንን ነው።

ሲመዘግቡኝ ፈቃዴን፣ የዝላይ መዝገቤን፣ ኢንሹራንሴን፣ መጠባበቂያው መቼ እንደታጠፈ የሚያሳየውን ካርድና የአውቶማቲክ መክፈቻውን ቀን አዩ። አንዳንድ ዘላይ ይሄ ያሰለቸዋል። እኔ የሚጠይቀኝን ሜዳ ነው የምወደው። ከዚህ በፊት፣ ስሙን ማንሳት የማልፈልገው ሌላ ቦታ፣ ማንም ካርዴን ሳያይ አውሮፕላን ውስጥ ገብቻለሁ። ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም። የእኔን ካላዩ የጎረቤቴንም አላዩም። አየር ላይ ደግሞ የጎረቤት ችግር የእኔም ችግር ነው።

ስለ ዕቃው ሳወራ ሁሌ የምጀምረው ከሦስቱ ቀለበቶች ነው። ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የፈጠረው ነገር ነው። በሁለቱም ትከሻ ላይ ሦስት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ። አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ይታጠፋል። የመጨረሻዋን ትንሿን ቀለበት የምትይዛት ቀጭን የክር ማጠፊያ ናት። ክሯን ደግሞ የሚይዛት በመሀሏ ያለፈ ቢጫ ገመድ ነው። ሙሉ ሰውነቴ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ግን እያንዳንዱ ቀለበት ሸክሙን እየቀነሰ ስለሚያወርደው ክሯ ጋ የሚደርሰው ኃይል ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋናው ፓራሹት ቢበላሽ፣ በቀኝ ደረቴ ያለውን እጀታ ስስበው ቢጫው ገመድ ይወጣል፣ ሦስቱም ቀለበቶች ተገልብጠው ይለቃሉ፣ ፓራሹቱ ይሄዳል። ከዚያ በግራ ያለው የመጠባበቂያው እጀታ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ከተንከባከቡት ነው። ቀለበቶቹ የተሰፉበት የናይሎን ማሰሪያ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ ከቆየ ይደርቃል፣ ቅርፁን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በየወሩ ገደማ ፈትቼ፣ በእጄ አሻሽቼ፣ ቢጫውን ገመድ ጠርጌ መልሼ እገጥመዋለሁ። እዚያም እንደደረስኩ መጀመሪያ የሠራሁት እሱን ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ቀለበቶቹን ሳገላብጥ አጠገቤ የነበረ ወጣት ዘላይ ቀርቦ አየ፣ ከዚያ የራሱንም አምጥቶ አብረን ሠራን። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ነው የዝላይ ሜዳን የሚያስወድደኝ።

አውቶማቲክ መክፈቻው ሌላው የማልለየው ዕቃ ነው። ሳይፕረስ የተባለው የጀርመን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ሲወጣ ነገሩን ሁሉ ቀየረው። የአየር ግፊት እየለካ ፍጥነትን ያሰላል። ዘላዩ 225 ሜትር ገደማ ደርሶ አሁንም በሰዓት ከ126 ኪሎ ሜትር በላይ እየወረደ ከሆነ፣ የመጠባበቂያውን መዝጊያ ክር ይቆርጠዋል። ራሱን ለሳተ ሰው ይሄ ሕይወት ነው። ግን እሱን ተማምኖ የሚዘል ሰው ካየሁ አብሬው አልወጣም። 225 ሜትር በዚያ ፍጥነት የጥቂት ሰከንድ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ካሜራው።

የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ካሜራ ይዞ ለመዝለል ቢያንስ 200 ዝላይ እንዲኖር ይመክራል። ብዙ ጀማሪ ይሄ ይከብደዋል፤ ካሜራው እኮ ትንሽ ናት ይላል። ትንሽነቷ አይደለም ጉዳዩ። አንደኛ፣ ራስ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ገመድ መያዣ ነው። ፓራሹቱ ሲከፈት ገመዶቹ ከጀርባ እየተፈቱ በአንገት አጠገብ ነው የሚያልፉት። አንዱ ካሜራው ላይ ቢጠመጠም የተዘረጋ ፓራሹት ጭንቅላት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ካሜራ ልብ ይሰርቃል። ሰው ከፍታውን ትቶ ስለ ምስሉ ማሰብ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የሆነውን ዘላዮች አይረሱትም። ከ800 በላይ ዝላይ የነበረው ሰው ሌሎችን ሊቀርጽ ወጣ። ያን ጊዜ የቪዲዮ መቅጃው ከካሜራው ተለይቶ ሰውነት ላይ የሚታሰር ከባድ ዕቃ ነበር። ካሜራው ተዘጋጅቷል፣ መቅጃው ታስሯል። ፓራሹቱን ግን አልለበሰም ነበር። እስከ መጨረሻው ቀረጸ። ይህን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ልምድ ያለው ሰው፣ ሐሳቡ ሁሉ ቀረጻው ላይ ሲሆን፣ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ሊያልፈው እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። ለዚህ ነው ካሜራዬን የማበራው ከሁሉም በኋላ የሆነው። መጀመሪያ የፓራሹቱ መዝጊያ ፒን፣ እጀታዎች፣ የደረትና የእግር ማሰሪያ፣ አውቶማቲኩ፣ ከፍታ መለኪያው። ከዚያ ሌላ ሰው ጀርባዬን ያይልኛል። ካሜራው መጨረሻ ነው።

እዚያ የምቀርጻቸው አራት ጓደኛሞች ነበሩ። አየር ላይ ተያይዘው የተለያየ ቅርፅ ይሠራሉ። እኔ ከፊታቸው ትንሽ ከፍ ብዬ እከተላለሁ። ልብሴ ከብብት እስከ ወገብ ጨርቅ አለው፤ እጄን ስዘረጋ አየር ይይዝልኛል፣ ስሰበስብ እወርዳለሁ። ያለሱ ከእነሱ ጋር እኩል መውረድ ያታግላል።

ከመውጣታችን በፊት ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን እንዳይለዋወጥ ቆልፌዋለሁ። አለበለዚያ ሰማዩ በገባ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ እነሱ ወደ እኔ እንዲዞሩ ተነጋገርን። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ቅዝቃዜው ነው። በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። 4000 ሜትር ላይ ከመሬቱ ከ25 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ባትሪው ቶሎ ይደክማል። ሌንሱም ወደ ሞቃቱ አየር ሲመለስ ላብ ይይዘዋል። ባትሪውን ደረቴ ኪስ ውስጥ አሙቄ ነው የያዝኩት።

በሩ ተከፈተ። እኔ ቀድሜ ወጥቼ ከውጭ ያለውን ብረት ያዝኩ። ነፋሱ ልብሱን እያንጫጫ ይጎትታል። አራቱ በሩ ላይ ተደራርበው ተያያዙ። አልቆጥርላቸውም፤ ትከሻቸውን ነው የማየው። ትከሻቸው ሲወዛወዝ እኔም አብሬ እለቃለሁ። ግማሽ ሰከንድ ብዘገይ ከላያቸው ርቄ እቀራለሁ፣ ብቀድም ከሥር እገባለሁ። ያን ቀን ጥሩ ወጣን። ከዓይኔ ፊት ያለችው ትንሽ የማነጣጠሪያ መስታወት ውስጥ አራቱም ገቡ።

ከአሥር ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይረጋል። የመውደቅ ስሜት የለውም። የአየሩ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሰውነት በአየሩ ላይ የተኛ ይመስላል። የካሜራው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው እንኳ ሩቅ ይመስላል። ስለዚህ ጥሩ ምስል የሚገኘው በመቅረብ ነው፤ መቅረብ ደግሞ መጋጨት ሊያመጣ ይችላል። እኔ የምመርጠው ትንሽ ራቅ ያለ፣ ያልተንቀጠቀጠ ምስል ነው። ኋላ አይተው የሚማሩበት እሱን ነው።

ሄልሜቴ ውስጥ፣ ጆሮዬ አጠገብ፣ በየከፍታው የሚጮህ መለኪያ አለ። 1500 ሜትር ላይ ጮኸ። አራቱ ተለያይተው በአራት አቅጣጫ ሸሹ። እኔ መሀል ላይ ቀርቼ እከፍታለሁ፤ ስምምነታችን ያ ነው። ለቀራጭ ፈታኙ ሰዓት ይሄ ነው። አንዱ እየራቀ ፓራሹቱን ሲከፍት ምስሉ እጅግ ያምራል፣ አንዲት ሰከንድ ጨምር ያሰኛል። አንዲት ሰከንድ ግን ከ50 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ድምፁን ስሰማ ውይይት የለም፤ እጄ ወደ ጀርባዬ ይሄዳል።

ያን ቀን ሲከፈት ገመዶቹ ተጠማዝዘው መጡ። ይህ ያጋጥማል። ካሜራ ላደረገ ሰው የሚለየው፣ ትከሻን ከገመዶቹ ጋር የሚያያይዙት ማሰሪያዎች ተጠማዝዘው ሄልሜቱን ከኋላ ገፍተው አንገትን ወደ ደረት ማጠፋቸው ነው። ቀና ብሎ ፓራሹቱን ማየት ያስቸግራል። እኔ ግን የእጄ ከፍታ መለኪያ ይታየኝ ነበር። ፓራሹቱም ቀጥ ብሎ እየበረረ ነበር፣ አልተሽከረከረም፤ ስለዚህ ጊዜ ነበረኝ። ማሰሪያዎቹን ወደ ጎን ለይቼ እግሬን እያወራጨሁ ፈታሁት። 1000 ሜትር ሳልደርስ ጨረስኩ። የውሳኔ ከፍታዬ 550 ሜትር ነው። እዚያ ሳይፈታ ብደርስ ዋናውን እለቃለሁ፣ መጠባበቂያውን እከፍታለሁ። ይህን የምወስነው መሬት ላይ ሆኜ፣ ገና ሳልሳፈር ነው።

ማረፉ እንደወትሮው ነበር። 300 ሜትር ላይ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መብረር፣ ከዚያ መዞር፣ ከዚያ ፊትን ወደ ነፋሱ መልሶ ቀጥታ። መሬት አጠገብ በድንገት በኃይል መዞር የብዙ ዘላዮችን ሕይወት ወስዷል፣ ያውም ምንም ባልተበላሸ ፓራሹት። ስለዚህ ካሜራዬ የማረፊያዬን ውበት እንዲቀርጽ ብዬ ምንም ነገር አልሞክርም።

በማግስቱ ትራሞንታና ነፈሰ። ከሰሜን፣ ከተራራው በኩል የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ ሲጀምር ማንም አይዘልም። ቡድኑ የቀረጽኩትን እየደጋገመ ሲያይ ዋለ። አንዷ እጇን የት እንደያዘች፣ አንዱ ጉልበቱ መቼ እንደታጠፈ፣ ሁሉም በየምስሉ ቆም እያለ ይታያል። እኔ ወደ ሪገሩ ሄድኩ። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው። ሄልሜቴን ተቀብለው ከመሳቢያቸው ቁራጭ የፓራሹት ገመድ አወጡ። ሄልሜቱን በገመዱ ከበቡትና ከሁሉም አቅጣጫ ጎተቱ። ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ ወጣ። በአራተኛው ከካሜራው መያዣ ጀርባ ያለች ቀጭን ክፍተት ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«እዚህ ጋ» አሉኝ።

ክፍተቷን ሞልተን፣ ላይዋን በቴፕ አለስልሰን እንደገና ጎተትን። አልያዘም። ከዚያ ጓንቴን አስለበሱኝ፣ ዓይኔን አስጨፈኑኝና የአገጭ ማሰሪያውን ፈጣን መልቀቂያ በግራ እጄ፣ ቀጥሎ በቀኝ እንድስበው አዘዙኝ። ሁለቱም ጊዜ ሄልሜቱ ወዲያው ለቀቀ። ልሄድ ስል ቁራጭ ገመዱን ሰጡኝ። አሁን ከካሜራ ባትሪዎቼ ጋር ነው የማስቀምጠው። ካሜራ ያለው ሄልሜት ይዞ አጠገቤ ለሚቀመጥ ዘላይ ሁሉ፣ ፈቃዱ ከሆነ፣ አውጥቼ እጎትትለታለሁ።